ከእኩለ ቀን በፊት የመጣ ስልክ

ኦይስተር በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። መዝገበ ቃላት አገላብጬ ያገኘሁትም አላረካኝም። ድንጋይ በመሰሉ ሁለት ቅርፊቶች መሃል የሚኖር፣ የባሕር ወለል ላይ ተጣብቆ የሚያድግ፣ አጥንት የሌለው ፍጡር ነው። እኔ እንከባከባቸው የነበሩ ሽማግሌ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ከባሕር ሲያወጡ ኖረዋል።

እኔ ግን ያገኘኋቸው ባሕር በሌለበት አገር ነው። በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ ላይ፣ ኮቪዱም በረዶውም ሰውን ከቤት ባላስወጣበት ሰሞን፣ ኮሎምበስ አጠገብ ባለችው ፒከሪንግተን ከተማ፣ ሴት ልጃቸው ሳሎን ውስጥ። ሚስታቸው ሞተው ልባቸውም ሲደክም ነው ልጃቸው ከባሕሩ ዳር መንደር ያመጣቻቸው። እሷ ግሮቭፖርት በሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ የሥራ ፈረቃ ትመራለች። እስክትመለስ ድረስ አብሬያቸው የምውለው እኔ ነበርኩ። አጥባቸዋለሁ፣ ምግብ አሞቅላቸዋለሁ፣ የመድኃኒት ሰዓታቸውን እጠብቃለሁ።

የአባቴን እኩያ በስሙ መጥራት አልሆንልሽ አለኝና በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ጋሼ ልበልዎ?» አልኳቸው።

«ምን ማለት ነው?»

«የሚከበር ትልቅ ሰው።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጊ» አሉ። ግን ከዚያ በኋላ ጋሼ ስላቸው ዞር ይሉ ነበር።

ስለ ሥራቸው ሲያወሩ አልቸኩላቸውም ነበር። ጠባብ ጀልባ ጠርዝ ላይ ቆመው፣ ከሰው ቁመት ሦስት እጥፍ የሚረዝሙ፣ እንደ መቀስ የተጋጠሙ ሁለት እንጨቶች ወደ ውኃው ይሰዳሉ። ጫፋቸው የብረት ጥርስ አለው። ወለሉ አይታይም፤ ጭቃውንና ኦይስተሩን የሚለዩት እንጨቱ መዳፋቸው ላይ በሚነዝረው ንዝረት ነው። ባልደረባቸው ደግሞ የወጣውን ይለያል፤ ያላደገውን መልሶ ይጥላል። ሁለቱም በተጨማሪ የመንደሩ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ነበሩ። ደመወዝ የሌለው ሥራ ነው። የጣቢያው ሳይረን ሲጮኽ የያዙትን ጥሎ መሮጥ ነው፤ ባሕር ላይ ከሆኑም ጀልባውን ማዞር።

አንድ ቀን ግን አላዞሩም። ጥሩ ቦታ አግኝተው ነበር። ሳይረኑ ከሩቅ ተሰማ። ባልደረባቸው «እንመለስ» አለ። እሳቸው «ሌሎቹ ይደርሳሉ፤ ይህችን እንጨርስ» አሉ። ሌሎቹ አልበቁም፤ አንዲት አሮጊት እቤታቸው ውስጥ ተቃጥለው ሞቱ። መንደሩ የት ነበራችሁ ሲል ጋሼ «ሞተሩ እምቢ አለን» ብለው መለሱ። ባልደረባቸው አጠገባቸው ቆሞ ዝም አለ፤ ዝም በማለቱም የውሸቱ ተካፋይ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ከጀልባው ወረደ። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ናት የቀረችኝ» አሉኝ። «ተመለስ ብለኸኝ ነበር፤ ውሸቱ የኔ ነው፤ አንተን የከተትኩህ እኔ ነኝ። ከዚያ ከፈለገ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዝጋው።»

«ይህ እኮ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው» አልኳቸው።

«አስተማሪ መሆን ነበረብሽ።»

«ትምህርት የጀመርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«ለዚህ ነው የምትቆጥሪብኝ።»

ልጃቸው ፈልጋ የባልደረባቸውን እህት ስልክ አገኘች። ለእህቲቱ መልእክት ተተወ፦ ወንድምሽ ሲመቸው ይደውል። ጋሼ መጠበቅ ጀመሩ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቀና ይላሉ፤ እኔ አንስቼ ሌላ ሰው መሆኑን ስነግራቸው ወደ ትራሳቸው ይመለሳሉ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ረፋድ፣ ሾርባ እያሞቅኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እህቲቱ ነበረች። ድምጿ የደከመ ነው።

«ወንድሜ ሆስፒታል ነው። ኮቪድ ነው። እኩለ ቀን ላይ አስተኝተው የመተንፈሻ ቱቦ ሊያስገቡለት ነው፤ ከዚያ በኋላ መስማትም መናገርም የለም። አሁን ግን ነቅቷል። መልእክቱን ነግሬው ልደውልለት ብሎ ነበር፤ ትንፋሽ አጣ። ነርሷ ስልክ ጆሮው ላይ ትይዝለታለች። ጓደኛው የሚለው ካለው ከእኩለ ቀን በፊት ይበል።»

ቁጥሩን ጻፍኩ። አንድ በአንድ መልሼ አነበብኩላት፤ ትክክል ነው አለች። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ለልብ በሽተኛ፣ ብቻቸውን ሳሉ፣ ያውም ዘመድ ያልሆንኩ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ልንገር? ለልጃቸው ደወልኩ፤ አታነሳም። እሷ መሥሪያ ቤት ስልክ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ቀጥዬ አንዲት የምናከብራቸው እትዬ ዘንድ ደወልኩ። ኮሎምበስ ውስጥ ሐበሻ ቤት መርዶ ሲኖር ሁልጊዜ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ማን ከጀርባ እንደሚቆም፣ ማን እንደሚናገር፣ ውኃው የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ።

«አንቺ ልጅ፣ አእምሮሽን ስተሻል?» አሉኝ። «ልባቸው የደከመ ሰው ናቸው እያልሽኝ። ወንበሩ ላይ ቀጥ ቢሉብሽስ? ልጃቸው ትምጣ፣ ሰው ይኑር።»

«ሰውየው እኮ አልሞተም እትዬ።»

«ቱቦ ካሉ ምን ቀረው? ይልቅ ሾርባቸውን ስጪያቸው። ምግብ ሳይቀምሱ ደግሞ እንዳትነግሪያቸው።»

እውነቱን ለመጻፍ፣ ቀለለኝ። ሸክሙን ሌላ ሰው ያነሳልኝ መሰለኝ።

ሾርባውን ይዤ ስገባ ጋሼ ቀና ብለው ነበር። «ማነው?»

«በስልክ የመኪና ዋስትና የሚሸጡ ናቸው።»

«ሞቷል በያቸው። እኔም መኪናውም።»

ሾርባቸውን ጠጡ። ጨው ያንሰዋል አሉ፤ ሐኪሙ ነው የከለከለው አልኳቸው። አንገታቸው ዘንበል አለና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። መጽሐፌን ገልጬ ተቀመጥኩ፤ አንድ ገጽ ላይ ቆየሁ። ነቁና ስለ በረዶው አወራን፤ ጎረቤትየው በአካፋ ሲጠርግ በመስኮት እያዩ አያያዙን ነቀፉ። የማይክሮዌቩ ሰዓት እኩለ ቀን አለ። ከዚያ አንድ ደቂቃ አለፈ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት በጣቴ ነካሁት።

ልጃቸው ስትመጣ ጋራዡ ውስጥ ጠበቅኋት።

«ደውዬልሽ ነበር» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ለምን ለሱ አልነገርሽውም?»

«ብቻቸውን ስለነበሩ።»

ጓንቷን እያወለቀች ቆመች። «አንቺ እዚህ ነበርሽ። ብቻውን አልነበረም።»

ኮቷን ሳታወልቅ ገባችና ፊታቸው ቆማ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው። ልባቸው አልቆመም። ስልክ ስጡኝ አሉ፤ ልጃቸው ከኪሴ ያወጣሁትን ቁጥር ደወለችላቸው። ነርሷ፣ በሽተኛው ተኝቷል፣ ቢሆንም ስልኩን ጆሮው ላይ ልይዝልዎ እችላለሁ አለቻቸው። ጋሼ ቀፎውን ብዙ ያዙት፤ ከዚያ ለልጃቸው መለሱላት።

«የተኛ ሰው ጆሮ ላይ አልናገርም» አሉ። «እሱን ለራሴ ነው የማደርገው።»

በማግሥቱ ስገባ ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ተቀመጪ አሉኝ።

«መንደራችን ውስጥ ሰው በእሳት ወይም በባሕር ሲሞት በር የማንኳኳው እኔ ነበርኩ። ኮፍያሽን ታወልቂያለሽ። ሞተ ትያለሽ። ሄደ፣ አረፈ አይባልም፤ ቃሉን ካላልሽው ሰዎቹ ሌላ ነገር ይጠብቃሉ። አንቺ አገር እንዴት ነው?»

ነገርኳቸው። መርዶ ጎህ ሳይቀድ እንደሚመጣ፣ ዘመድ እንደሚሰበሰብ፣ የሚደግፍ ሰው እንደሚዘጋጅ። የራሴንም ነገርኳቸው። እናቴ ስትሞት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተቃርቦ ነበር። በስንት ዘመኔ የደረስኩበት ፈተና ነውና ቤተ ዘመዱ መክሮ ደበቀኝ። አርባዋ ካለፈ በኋላ፣ ፈተናውን በጨረስኩ በሦስተኛው ቀን ነው የመጡት።

«አመሰገንሻቸው?»

«አዎ።»

በእጃቸው ቀጥይ አሉኝ።

«የሞተችበትን ቀን ጠየቅኋቸው» አልኩ። «ከዚያ በዚያ ቀን ምን ሳደርግ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ጂኦግራፊ እያጠናሁ ነበር።»

ጋሼ ወደ ስልኩ አመለከቱ። «ትናንት ስንት ሰዓት ነው የደወለችው?»

ስልኩ ላይ ያለውን አይቼ ነገርኳቸው። ከእኩለ ቀን በፊት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።

«እኔ ምን እያደረግኩ ነበር?»

«ሾርባ ጠጥተው ተኙ።»

«ብዙ ተኛሁ?»

«ሃምሳ ደቂቃ ያህል።»

በጣታቸው የወንበሩን እጀታ እየነኩ አሰቡ። «ነቅቼ ነበር እንግዲህ» አሉ። «ነቅቼ ስለ አካፋ ሳወራ ነበር።»

«አዎ።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ሰምተውኛል፤ አልመለሱልኝም። ባሕሩንም ከዚያ ቀን በኋላ አላነሱልኝም።

ባልደረባቸው በስድስተኛው ቀን ሞተ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ዘጋሁትና ወደ ሳሎን ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። 

«ጋሼ፣ ባልደረባዎ ሞተ። ዛሬ ጠዋት።»

«ማን ደወለ?»

«እህቱ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና መስኮቱን እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ። ውጪው በጣም ይበርድ ነበር። ከፈትኩላቸው።

አርብ ዕለት የቀጠረኝ ድርጅት ደውሎ፣ ቤተሰቡ ሌላ ሰው ጠይቋል፣ ከሰኞ ጀምሮ ቤክስሊ ከተማ፣ ሌላ ቤት ነሽ አለኝ። ልጃቸው ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ በር ድረስ ሸኘችኝ። ከለቀቁት ቤት ጋር መደዋወል ክልክል ስለሆነ ስለ ጋሼ የሰማሁት የለም። አሁን ዓመት አልፏል።

የቤክስሊዋ ሴትዮ ማየት የተሳናቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ኮቴን ሳልሰቅል፣ ስልክ ከመጣ ምንም ዓይነት ወሬ ቢሆን በዚያው ደቂቃ እንደምነግራቸው አስታወቅኋቸው።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «እሺ» አሉ። «ግን ለኔ የሚደውል የለም።»