ከርከሮውን ማን ይንካው?

የመስከረም መጀመሪያ ነበር። ክረምቱ ወጣሁ ብሎ ያልወጣበት፣ ጠዋት ጉም ከሰዓት ዝናብ የሚፈራረቅበት ጊዜ። እናንተ ድንኳናችሁን አንግባችሁ፣ ያንን ቡችላችሁን አስከትላችሁ፣ በዚሁ ወቅት ወደ ቆላው ልትወርዱ እንደሆነ ስሰማ ነው ይህን ላጫውታችሁ ያሰብኩት። ከልካይ አይደለሁም፤ ውረዱ። ግን መጀመሪያ ስሙኝ።

ከመካነ ሰላም የወረድነው እኔ፣ ጓደኛዬ ሰይድና ቡላ የምትባለው ውሻዬ ነን። ሰይድ ወደ አባይ በሚያዘቀዝቀው ቆላ ላይ ከአባቱ የወረሰው የበቆሎ ማሳ አለው። አራት ልጆቹ ዓመቱን የሚበሉት ከዚያች ማሳ ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ አንድ ወንዴ ከርከሮ እሸቱን እየገነደሰ ባዶ እጁን አስቀርቶታል። ለቀበሌ አመልክቶ «ግደለው» ተብሏል፤ መፍቀዱ ቀላል ነው፣ መግደሉ ነው እንጂ። አንድ ጠዋት ቤቴ መጣና ተቀመጥ ብለው እንኳ ሳይቀመጥ፣ «ዘንድሮም ከበላብኝ ወላሂ ልጆቼን በትኜ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ» አለኝ። ሰይድ አብሮ አደጌ ነው፤ ሲምል አይቀልድም። ጦሬን ከግድግዳ አወረድኩ።

እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ ዜማ ሊያስተምሩኝ ለፍተው ለፍተው ሲያቅታቸው፣ «ይህ ልጅ ከዳዊት ይልቅ የሚዳቋ ዱካ ማንበብ ይቀለዋል» ብለው ተዉኝ። እውነታቸውን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በዱካ የሚበልጠኝ፣ በድፍረትም የሚቀድመኝ ሰው በወረዳችን በቦረና ምድር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ስንቃችን በሶና ቆሎ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በረሃ ሲወርዱ ሥጋ አይያዝም፤ ማን ባረከው እየተባባሉ ከመተዛዘብ በሶ በጥብጦ መጠጣት ይሻላል። ሌላው ዕቃችን ሁለት ጦር፣ አንድ ገጀራ፣ ገመድ፣ ጄሪካንና ለማደሪያ የምንወጥራት ላስቲክ ሸራ ብቻ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። አፋፉ ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ቡላን ሲያዩ እየተንጫጩ በገደሉ ጠርዝ ተንሸራተው ጠፉ። ዝቅ ስንል ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ የዝናብ ውሃ ያራግፉብናል። አንዲት ድኩላ ደግሞ መንገዱ መሃል ቆማ አየችን። ጦሬን አላነሳሁም፤ ሰይድ ግን እጄን አይቶ፣ «እሷን ተዋት፣ ጉዳያችን ሌላ ነው» አለኝ። ያውቀኛላ!

ማሳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሸራችንን ወጠርን። በማግስቱ ማሳውን ዞረን ስናይ ከርከሮው ቀድሞን ገብቶ ወጥቷል። ኮቴው ሰፊ ነው፣ ለሁለት የተሰነጠቀ፤ ከፊቱ ደግሞ ሁለት ክብ ጉድጓዶች ጭቃው ላይ ታትመዋል። ከርከሮ ሲበላ በፊት ጉልበቱ ይንበረከካል፤ የጉልበቱ ምልክት ነው። ለሰይድ ባሳየው፣ «እንኳን ተንበርክኮ፣ አልቅሶም አልምረው!» አለ። ዱካውን ይዘን እስከ ቀትር ሄድንና ዝናቡ መጥቶ አጠበብን። ረጥበን ተመለስን፤ በሶ ጠጣን፣ ተኛን። እንመለስ ያለ ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጉሙ ሳይገለጥ ተነሳን። ቡላ አፍንጫዋን መሬት ላይ አድርጋ ወደ አንድ ቦረቦር መራችን። ግድግዳው ላይ አፉ አዲስ የተጫረ ጉድጓድ አለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከርከሮ ጉድጓዱ የሚገባው በቂጡ ነው። ፊቱና ክራንቻው ወደ ውጭ ስለሆነ ሲወጣ እንደተወረወረ ድንጋይ ነው። ከጉድጓዱ ፊት የቆመ ሰው አለቀለት። ስለዚህ እኔ በቀኝ፣ ሰይድ በግራ ቆምን። ቡላ ጮኸች። አፈር ተበተነና ወጣ። ወረወርኩ፤ ጦሬ ከብብቱ ኋላ ገባ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሮጦ ሣሩ ውስጥ ተደፋ። ሰይድም አብሮኝ ወርውሮ ነበር፤ የሱ ጦር ግን ስቶ ገደል ገባ።

ደረስንበት። በጎኑ ተጋድሟል፣ አይንቀሳቀስም። ጦሬ ጎኑ ላይ ቆሟል። አሁን ይህን ጦር ማን ይንቀለው?

«ያንተ ጦር ነው፣ ንቀል» አለ ሰይድ።

«ማሳው ያንተ፣ ከርከሮውም ያንተ።»

«አስተግፊሩላህ! እኔ አሳማ ልንካ? አንተ ብትነካው ጠበል ተጠምቀህ ይለቅሃል።»

«ለእኛም እኮ እርም ነው! የመሪጌታ ልጅ ከርከሮ ነካ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ልቁም?»

«አንተ ደግሞ መቼ ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ታውቃለህ!»

ሳቅን። ያን ሁሉ ስንባባል ቡላ አልቀረበችም። ጀርባዋ ላይ ያለው ፀጉር እንደቆመ ነው፣ ጥርሷን ገልጣ ታጉረመርማለች። እኔ፣ ዱካ አንባቢው፣ የገዛ ውሻዬን ማንበብ አቃተኝ። ወይም አልፈለግኩም። ሰይድ ለአፍታ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሽርጡን ሰበሰበና «ቢስሚላህ» ብሎ በእግሩ ሊገፋው ቀረበ።

ከርከሮው ተነሳ።

አነሳሱን አላየሁም፤ ያየሁት ሰይድ ሲወድቅ ነው። ጭኑን ከጉልበቱ በላይ ሸርክቶት አልፎ፣ ዞሮ እንደገና መጣበት። ቡላ ዘላ ጆሮውን ነከሰች። ገጀራው ሸራው ዘንድ ቀርቷል፤ ያለኝ መሣሪያ እዚያው ከርከሮው ጎን ላይ የተሰካው ጦር ብቻ ነው። ሄድኩና የጦሩን ዘንግ በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁ። ጎተተኝ። በእሾህ መሃል፣ በድንጋይ ላይ ጎተተኝ። ጣቴ ሲሰበር ሰማሁት፤ አልለቀቅኩም። ብለቀው የሚሄደው ወደ ሰይድ ነው። ደሙ ፊቴ ላይ እየተረጨ፣ ሆዱ ላይ ተኝቼ ያዝኩት። እርም የለ፣ ጠበል የለ! ትንፋሹ እስኪቆም ድረስ አቅፌው ነበር።

የሰይድ ደም ይወርዳል። ኩታዬን ቀድጄ ጭኑን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። «አብሽር፣ ከንፈርህ ቀይ ነው፣ አትሞትም» አልኩት፤ ከንፈሩ ግን ነጭ ነበር። ተሸከምኩት። ያንን ዳገት ባዶ እጅ መውጣት ራሱ ያስለቅሳል። ሃምሳ እርምጃ እቆጥራለሁ፣ አርፋለሁ፤ እንደገና ሃምሳ። «አውርደኝና ሰው ጥራ» ይለኛል። «ዝም በል፣ ቁጥሬን ታሳስተኛለህ» እለዋለሁ። ቡላ በግብግቡ የተቀደደ ጆሮዋን እያራገፈች ከፊት ከፊት ትሄዳለች። እኩለ ቀን ላይ የላይኞቹ ገበሬዎች ጩኸቷን ሰምተው ወረዱና ቃሬዛ ሠርተው ተቀበሉኝ። መካነ ሰላም ያለው ሐኪም ሲሰፋው ቆሜ አየሁ፤ እግሩን አተረፈለት።

በቆሎው ያን ዓመት በደህና ገባ። ሰይድ አገር አልለቀቀም። እኔ ግን ይህች ጣት ከዚያ ወዲህ አትታጠፍም፤ ከጣቴ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ለዓመታት ሰይድ ከፊቴ እያነከሰ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ወደ ሌላ አዞር ነበር። ያን ቀን ጦሬን ያልነቀልኩት እርም ስለሆነ አይደለም። ፈርቼ ነው። የከርከሮው የሆድ ቆዳ ሲርገበገብ ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ ያየሁትን ከመናገር ይልቅ በሃይማኖቴ ተሸሸግኩ። ጓደኛዬን «ተጠንቀቅ» ማለት አቅቶኝ ቀለድኩበት።

አምና ከገበያ ስንመለስ አልቻልኩም፤ ነገርኩት። «ሰይድ፣ ያን ጊዜ እኮ ፈርቼ ነው» አልኩት።

እሱ መንገዱን አላቆመም።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ፊትህን አይቼ ነው እኔ የቀረብኩት።»