የምሩን ያሞገሰው ፊልም

ዛሬ ዛሬ ፀጉር አስተካካያችንን ስለ ፊልም ብትጠይቁት «አላየሁትም» ይላችኋል። ውሸቱን ነው፤ አይቶታል። ባለካፖርቱ የሠራውን ፊልም ሳያይ የሚያድር ሰው አይደለም። ግን አንገታችሁ ላይ ያለውን ፎጣ ጠበቅ ያደርግና «ጎኑን ላሳንሰው?» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ድሮ ይህን ሰው ዝም ለማሰኘት ቶንዶሱን ከሶኬት መንቀል እንኳ አይበቃም ነበር።

ባለካፖርቱ የምንለው ተዋናይ ነው። የውጭ አገር ሰው ስለሆነ ስሙ ለአፍ አይመችም፤ በወጣትነቱ በሠራቸው ፊልሞች ሁሉ በጋ ከክረምት ካፖርት ስለማያወልቅ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ለፀጉር አስተካካያችን ከልጅነቱ ጀምሮ ነፍሱ ነው። በመስታወቱ ጥግ የሰውየውን የወጣትነት ፎቶ ለጥፏል። «ደንበኛ አይቶ እንዲመርጥ ነው» ይላል እንጂ፣ ያንን የፀጉር አቆራረጥ የመረጠ ደንበኛ እስካሁን አላየሁም። የለጠፈው ለራሱ ነው።

ሰው አምርሮ የሚያማው ደግሞ የሚወደውን ነው። ባለካፖርቱ አረጀ። ማርጀቱስ ባልከፋ፤ አላረጀሁም አለ። ሲያልቅ አያምር ይሉ የለ? የቅርቦቹ ፊልሞቹ አንዱ ከአንዱ የባሱ ሆኑ። ፀጉር አስተካካያችን ግን «የማይረባ ፊልም ነው» ብሎ አያውቅም። የሱ ስድብ ሙገሳ ነበር። ፊቱን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርጎ፣ ቶንዶሱን አጥፍቶ፣ «ድንቅ ፊልም ነው፤ የምሬን ነው» ብሎ ይጀምራል። «ዳኛው» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለትም በዚህ ነው። «ድንቅ» ካለ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለሳቅ ይዘጋጃል።

ሲኒማ ቤቱ ከሱቁ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ነው። ባለቤቱ በድሮው ገበያ ተማምኖ የባለካፖርቱን ሦስት አዳዲስ ፊልሞች አንድ ላይ አምጥቶ ነበር። በመጀመሪያው ባለካፖርቱ ከጣራ ጣራ እየዘለለ ሌባ ያሳድዳል።

«ድንቅ ነው!» አለ ዳኛው። «በዚያ ዕድሜው ያን ሁሉ ጣራ ሲዘል አንድ ጊዜ እንኳ ወገቡን አልያዘም። ነፋሱ ዛፍ ነቅሎ ሲወስድ የሱ ፀጉር ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ፀጉር ጭንቅላት ላይ አይበቅልም፤ ሱቅ ነው የሚሸጠው። ደግሞ በር ሲከፍት ጺሙ አድጓል፣ ገብቶ ሲዘጋው ተላጭቷል። በመሀል የላጨው ሰው ስሙ መጨረሻ ላይ አልተጻፈም። የሙያ ባልደረባዬ ነውና ከፍቶኛል።»

ሁለተኛው የፍቅር ፊልም ነበር። «ድንቅ! ልጅቷ ዓይን ዓይኑን እያየች አፏን ስትከፍት፣ ‹አባባ› ልትለው ነው ብዬ ጠበቅሁ። ‹እወድሃለሁ› አለችው። ፀጉሩን የጫማ ቀለም ነው የቀቡት። ሲያለቅስ ጥቁር እንባ ይወርድ እንደሆነ ብዬ እስከ መጨረሻው ቁጭ አልኩ። ጎበዝ ነው፣ አላለቀሰም።»

ሳቃችን መንገድ ድረስ ይሰማል። ወሬው በታክሲው፣ በሻይ ቤቱ፣ በየቢሮው ይዞራል። ሰውም ፊልሙን በነፃ ከዳኛው አፍ ሰምቶ ረክቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ማንም፣ እሱም ጭምር፣ በዚያ ሲኒማ ቤት የትኬት መስኮት ማን እንደተቀመጠች አላሰበም።

የተቀመጠችው እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ፊደል የሚቆጥር ነበር፤ ከዚያች መስኮት ጀርባ ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤት የሚጠብቀው ሰው ስለሌለ አዳራሹ ውስጥ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ታስቀምጠዋለች። ፈንዲሻ ትሰጠውና «ድምፅህን እንዳልሰማ» ትለዋለች። ባለካፖርቱን የተዋወቀው እዚያ ነው። እሷ ግን አንድ ፊልም ከጫፍ እስከ ጫፍ አይታ አታውቅም። የሚያረፍድ ሰው አይጠፋምና ከመስኮቱ አትነሳም። ፊልም የምታውቀው በግድግዳ አልፎ በሚመጣው ድምፅ ነው።

ሁለተኛው ፊልም ሊያበቃ በተቃረበ ሰሞን እህቱ ወደ ሱቁ መጣች። በሥራ ሰዓት መጥታ አታውቅም። ተቀምጦ የነበረው ደንበኛ እስኪሄድ ቆማ ጠበቀች።

«ሰው መስኮቴ ድረስ ይመጣና ፖስተሩን አይቶ ይስቃል» አለችው። «‹የጫማ ቀለም› ይላል። ያንተን ቀልድ ለእኔው ነግሮኝ፣ ትኬት ሳይቆርጥ ይሄዳል።»

«እትዬ፣ ለጨዋታ እኮ ነው…»

«ለጨዋታ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? እኔም እዚያች የትኬት ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ስቄበታለሁ። አሁን ግን ጉሮሮዬ ሊዘጋ ነው። ባለቤቱ ሦስተኛውም ፊልም እንዲህ ባዶ ከሆነ አዳራሹን ለሴራሚክ ነጋዴ አከራያለሁ ብሏል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

ዳኛው መቀሱን እንደያዘ ቀረ። በኋላ ሲነግረኝ፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር እያየ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ያሳደገችውን ሰው እንጀራ በገዛ ምላሱ እየቆረሰ ለመንገደኛ ሲያድል ከርሟል።

«ጥሩ ነው ብለህ ዋሽልኝ አላልኩህም» አለች። «ዝም በልልኝ። ዝም አይነቅዝም።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው እትዬ! አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም።»

ሦስተኛው ፊልም በተከፈተ ቀን ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ገባ። የገባው ቃሉን ሊጠብቅ እንጂ ሊደሰት አልነበረም። ባለካፖርቱ ግን ካፖርት አልነበረውም። ፀጉሩ አልተቀባም፤ ሽበቱ ሽበት ነው። ልጁ ሩቅ ቦታ ሥራ አግኝታ የምትሄድበት ሽማግሌ አባት ሆኖ ነው የሚሠራው። የምትሄድበት ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ይላጫል። አይናገርም፤ ሙዚቃም የለም። እጁ እየተንቀጠቀጠ ይላጭና አገጩን ይቆርጠዋል። ቁራጭ ወረቀት ለጥፎበት ሊሸኛት ይወጣል። ልጁ ወረቀቱን ከአገጩ ላይ ታነሳለታለች፣ ትሄዳለች። ዳኛው በሕይወቱ ስንት አገጭ ላጭቷል! እንዲህ ያለ መላጨት ግን አላየም። መጨረሻ ላይ መብራት ሲበራ ዓይኑን የሚጠርግበት መሀረብ እንኳ አልነበረውም።

በማግስቱ አፉን በፎጣ የታሰረ ይመስል ዋለ። ሲጠይቁት ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ባለው ቀን ሱቁ ሞልቶ፣ እኔም አግዳሚው ላይ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ወንበሩ ላይ የነበረው ባለታክሲ «ዳኛው፣ ምነው ዝም አልክ?» አለ። «ለቀልድ እንኳ የማይሆን ፊልም ነው ማለት ነው? እግዜር ይይልህ፣ ገንዘባችንን አተረፍክልን!»

ሁላችንም በዚሁ ተስማማን። ዳኛው ደነገጠ። ለካ ዝምታውም ፍርድ ሆኗል። አሁን ካልተናገረ እህቱን በዝምታው ሊጥላት ነው። ደግሞስ፣ ጥሩ ነገር አይቶ እንዴት ዝም ይላል? ቶንዶሱን አጠፋ።

«ድንቅ ፊልም ነው» አለ።

ሱቁ በሳቅ ተናጋ።

«የምሬን ነው!»

ይባስ ሳቅን። ምን እናድርግ፣ ቃሉም ፊቱም ያው የድሮው ነው።

«ስሙኝማ! መስታወት ፊት ቆሞ ይላጫል። ምንም አይናገርም። ዝም ብሎ ይላጫል…»

«ይላጫል!» አለ ባለታክሲው ሆዱን ይዞ። «ለመላጨትማ እዚሁ መጥቼ የለም እንዴ!»

«አልቅሻለሁ እኮ ሰዎች!»

ይሄኔ ከአጠገቤ የነበረው ሰውዬ ከአግዳሚው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ዳኛው ተናዶ ፎጣውን ወረወረ፤ እሱም የትወናው አካል መሰለን። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች «ባለካፖርቱ ሲላጭ ውሎ ፊልሙ ያልቃል አሉ» እየተባባሉ ሲስቁ ሰማሁ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሰው ራስ ሲመለጥማ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነበር። አፉ ያመለጠው ግን ከስንት ጊዜ በፊት እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባው።

ከዚያ በኋላ ያላደረገው የለም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ እየተለማመጠ አስረዳ፤ በተለማመጠ ቁጥር ቀልዱ ጣፈጠ። «አይታችሁ ካልወደዳችሁት ፀጉራችሁን በነፃ እቆርጣለሁ» አለ። ጥቂት ሰዎች ሄዱለት። ለመሳቅ ተዘጋጅቶ የገባ ሰው ግን መሳቁ አይቀርም፤ «እውነትም ይላጫል!» እያሉ ተመልሰው መጡ። እህቱ ቤት ቢሄድ «ሰምቻለሁ» አለችው። ሻይ አቀረበችለት፣ ስለ ጤናው ጠየቀችው፣ እንደ እንግዳ በር ድረስ ሸኘችው። ቢሰድቡት የሚሻለው ጊዜ አለ። «ዝም በል ብላኝ ስለተናገርኩ ነው የተቀየመችኝ» ብሎ አሰበ፤ በዚህም አንጀቱ አረረ። እኔን ሲላጨኝ አገጬን ቆረጠኝ። ከዚህ በፊት የሰው ደም አፍስሶ አያውቅም። ወረቀት ቀዶ ከለጠፈልኝ በኋላ ወንበሩ ጎን ቆሞ ይህን ሁሉ ነገረኝ። እኔም ያን ጊዜ ነው የሳቄ ነገር የቆጨኝ።

ሦስተኛውም ፊልም ባዶ ሆነና የሲኒማ ቤቱ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ሴራሚክ ነጋዴው ሜትር ይዞ መጥቶ በረንዳውን ሲለካ፣ ዳኛው ሱቁን ዘግቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሊያዋራት ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ «ስንት ሰው?» አለችው።

በዚያ ቤት ትኬት ቆርጦ አያውቅም። «አንድ» አለ።

አዳራሹ ውስጥ ከሱ በቀር ሰው የለም። የመጨረሻው ረድፍ ላይ መቀመጥ አፍሮ መሀል ገባ። ፊልሙ ገና ሲጀምር ከኋላው በሩ ተከፈተ። እህቱ ናት። የሚያረፍድ ሰው ስለሌለ መስኮቱን ዘግታ መጥታለች። የሲኒማ ቤቱን ቁልፎች ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች።

መላጨቱ ሲመጣ ዳኛው ስክሪኑን ትቶ እሷን ያያት ጀመር። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልጅቷ ወረቀቱን ከአባቷ አገጭ ላይ ስታነሳ፣ የእህቱ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ በጨለማው አየ።

ፊልሙ ሲያልቅና ስሞቹ ሽቅብ መውጣት ሲጀምሩ «ጥሩ ነው እኮ!» አለች በሹክሹክታ፣ የሚረበሽ ሰው ያለ ይመስል።

«ብዬ ነበር።»

«ምን ብለህ?»

«ድንቅ ነው ብዬ። አልቅሻለሁ ብዬ።»

ወደሱ ዘወር አለች። «ያንን የምርህን ነበር እንዴ?»

«የምሬን ነበር።»

«እኔኮ…» አለችና አቋረጠች። «ባለታክሲው መጥቶ ሲነግረኝ፣ ዝም በልልኝ ብዬ ብለምነው ጭራሽ በእኔ አሾፈ ብዬ ነው። ይሄን ሰሞን ምን በድዬው ነው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።»

«አንቺም አላመንሽኝም?»

«ምን ላድርግ? አሳድጌህ እንኳ የምርህን ከቀልድህ አልለይም።»

የተናገረችው በቁጣ አልነበረም። እንደ ተራ ነገር ነበር ያለችው፣ እሱን የጎዳውም ይኸው ነው። ከምትሠራበት ቤት ጋር አብሮ ምን እንዳፈረሰ ገባው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ» አላት።

ስሞቹ አልቀው መብራቱ እስኪበራ ጠበቀችና፣ የምሩን ይሁን አይሁን ልትለይ ዞር ብላ ፊቱን አየችው።