በዘሀራ ሸራ ላይ የሳልኳት ሴት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለአንተ የምነግርህ ፊትህን ስለማላይ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሥዕል መምህር ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወለጋ ተፈናቅለው መጠለያ የገቡ ሰዎችን አስተምር ነበር። ሰውና ቤት ሳይሳልበት ቀለሙ ብቻውን ስሜት የሚናገርበት የአብስትራክት ሥዕል የነጭ ወንዶች ብቻ እንዳልሆነ፣ ሴቶችም፣ ጥቁሮችም፣ ከአገራቸው የተሰደዱም እንደሠሩት ደረቴን ነፍቼ እሰብክላቸው ነበር። ከአፌ እንጂ ከልቤ አልነበረም።

ዘሀራ ግን አመነችኝ። የተገደሉባትን ባሏንና የአራት ዓመት ሴት ልጇን ቀብራ የመጣች ገበሬ ናት። ብርድ ባቆረፈደው ጣቷ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሸራ ላይ ሠራች፤ ከታች ጥቁር ቡኒ፣ ከላይ እየደራረበች የቀባችው ቢጫ። ቅርጽ የሚባል ነገር የለውም። ሠላሳ ዓመት የፈለግሁት ነገር እሷ እጅ ላይ ነበር።

የእነሱንና የእኔን ሥራ ለሕዝብ ለማሳየት ላዘጋጀነው አውደ ርዕይ ሥዕሎቹን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። የእሷ ከጎኑ ሲሰቀል የእኔ ሥዕል ሞተ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ሸራዋን አወረድኩና በቢጫው ላይ ልጅ ያዘለች፣ የምታለቅስ ሴት ሳልኩበት። ከኋላዋም የሚነድ ጎጆ። «ተመልካች እንዲገባው ነው» አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው። ቀንቼ ነው። እኔ፣ መምህሯ፣ ቀናሁባት።

በመክፈቻው ዕለት እንግዶቹ እንባቸውን እየጠረጉ አጨበጨቡላት። እሷ ሸራውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«መምህር፣ ልጄን እኮ እዚህ ጋ ነበር ያስቀመጥኳት» አለችኝ፣ ቢጫው የነበረበትን በእጇ እየዳበሰች። «ፎቶም የለኝ። በአላህ፣ የት አደረጓት?»

በማግሥቱ የሳልኩትን በጋዝ ልጠርገው ሞከርኩ፤ የእሷም ቢጫ አብሮ ለቀቀ። ባሻሸሁ ቁጥር ባሰበት፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ባዶ ጨርቅ ነው። ዘሀራ ዳግመኛ ብሩሽ አልነካችም። ዛሬም መጠለያው ውስጥ ናት፤ በእግሬ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም። ስንት ጊዜ ተነስቼ ከመንገድ ተመለስኩ? ሰዉ ግን እስካሁን «ለተፈናቃዮቹ የለፋ መምህር» ይለኛል፤ እኔም አመሰግናለሁ እላለሁ!

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው የአንተ አይደለም። ዘሀራ ልጇን ሁለት ጊዜ አጣች። የመጀመሪያውን ማን እንዳደረገው አላውቅም። ሁለተኛውን ያደረግሁት እኔ ነኝ።