አሚን ያለ አባት

ሀሲና ከሚኒባሱ ስትወርድ ሕፃኗ አልታየችም። ከልብሷ ሥር፣ ገላዋ ከእናቷ ገላ ተጣብቆ፣ በነጠላ ተጠፍራ ታስራለች። ባሏ አብዱልዋሂድ ሻንጣውን ተቀበለና ግራ ቀኙን ቃኘ። ሌላ አባት ቢሆን «ኑ ልጄን እዩልኝ» ባለ። እሱ ግን በኋላ በር በኩል ባለው ጠባብ መንገድ አስቀድሟት ሄደ፤ የሞጣ ሰው እንዳያያቸው።

ቤቱን ሐኪሞቹ እንዳዘዙት አሰናድቶታል። የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ደፍኗል፤ ከሰሉን በረንዳ ላይ አውጥቷል፤ በሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና አኑሯል። ሀሲና ሁሉን አየችና ፈገግ አለች።

«ልብሷስ የታለ?»

«የምን ልብስ?»

«የዘሚራ ነዋ! የሞጣን ሴት ሁሉ እያለበስክ፣ የራስህ ልጅ ከሆስፒታል በመጣ ጨርቅ ትደር?»

«ልኳን አላወቅሁማ።»

«ከክርንህ እስከ ጣትህ ጫፍ ብትለካ ይበቃህ ነበር። አንተ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ ትላለህ!»

እየሳቀች ነው የተናገረችው። እሱ ግን ውኃ ልጨምር ብሎ ወጣ። በረንዳው ላይ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ከሰሉን ሲቆሰቁስ ቆየ። ከተወለደች ወዲህ ባሉት ሃምሳ ሁለት ቀናት ለዚያች ልጅ አንዲት መርፌ ክር አላስገባላትም። ምክንያቱን እሱ ያውቀዋል።

ሀሲና ሰባተኛ ወሯ ላይ ሳለች ነበር ቢቸና እናቷ ዘንድ የሄደችው። የመጀመሪያ ልጃቸው እዚህ ሞጣ ተወልዶ ስለሞተ፣ ይሄኛውስ በእናቷ ቤት ይሁን ተባለ። ገና በሳምንቷ ምጥ መጣ። ከቢቸና ወደ ደብረ ማርቆስ ተላከች፤ ልጅቱም አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ሆና ተወለደች። አብዱልዋሂድ በሦስተኛው ቀን ደርሶ በመስተዋት አያት። ከማሞቂያው ውስጥ አንድ ቀጭን እግር ብቻ ሲንቀሳቀስ አየና ዓይኑን መለሰ። ከዚያ የስሟን ቀን ላዘጋጅ ብሎ ወደ ሞጣ ተመለሰ። በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ ስም ይወጣል፤ ዘሚራ እንድትባል ከሀሲና ጋር ተማክረው ጨርሰዋል። በጉን ገዛ፤ ሰዎቹን ጠራ።

በስድስተኛው ቀን ሀሲና ደወለች። «መተንፈስ አቅቷታል። ሐኪሙ ተስፋ አትቁረጡ አለን» ብላ አለቀሰች።

አብዱልዋሂድ ተስፋ የቆረጠው ይህን ሲሰማ ነው። የበኩር ልጁ ሙጀሂድ ትዝ አለው። ያኔ፣ ከአምስት ዓመት በፊት፣ በሰባተኛው ቀን ስሙ ወጣ፤ በዘጠነኛው ተቀበረ። የበጉን ሥጋ የበሉት ሰዎች ናቸው ጉድጓዱን የቆፈሩት። አፈሩን ሲመልሱ የአንዱ እጅጌ ላይ የወጥ ጠብታ ነበር። ያችን ጠብታ እስከ ዛሬ ሊረሳት አልቻለም።

ስሟን ሊያወጡ ወደተጠሩት ወደ ሸህ ሙሐመድሸሪፍ ሄዶ «የነገው ይቅር» አላቸው። ሸሁ ምንም አልጠየቁም፤ ትከሻውን ያዝ አደረጉት። በጉም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። አባት ሰባተኛውን ቀን «ይቅር» ካለ ልጁ ሞቷል ማለት ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በማግስቱ ገና የስፌት መኪናውን ሳይከፍት ጎረቤቱ እማማ ዑሙሰልማ መጡ።

«አላህ ይተካችሁ፣ ልጄ።»

«አለች እኮ» ሊል አፉን ከፈተ። አለች? እስከ መቼ? እስከ ነገ? ነገ ደግሞ ዞሮ ሞተች ሊል?

«አሚን» አለ።

ለእማማ ዑሙሰልማ አለ። ከፊት ለፊቱ ጫማ ለሚሸጠው ለሽታሁን አለ። ከዚያማ እየቀለለው መጣ። ቀትር ላይ ሀሲና ደውላ «ስሟን አወጣችሁላት?» ስትለው ደግሞ «አዎን» አለ።

«ማን ማን መጣ?»

የጠራቸውን ሰዎች ስም ዘረዘረላት። እማማ ዑሙሰልማንም አልተዋቸውም።

ልጅቱ ግን አልሞተችም። አንድ ቀን አደረች፤ ሳምንት ከረመች፤ መጥባት ቻለች። ሀሲና በየቀኑ ደውላ «ዘሚራ ዛሬ ሃያ ግራም ጨመረች» ትለዋለች። እሱ ስልኩን ዘግቶ ወደ ስፌቱ ይመለሳል። ሥራ በዛብኝ እያለ ሁለት ጊዜ ብቻ ሄዶ ጠየቃቸው። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ሲል ሁለት ኪሎ ሞልታ ቤት ገባች።

ሐኪሞቹ ለአንድ ወር ጠያቂ እንዳይበዛ ብለዋል። ይህን ትእዛዝ የእሱን ያህል የወደደው ሰው የለም። የግቢውን በር በቁልፍ ዘጋ። ሀሲና በየሁለት ሰዓቱ ታጠባለች፤ እሱ ውኃ ያሞቃል፣ ጨርቅ ያጥባል፣ ያሰጣል። ልጅቱን ያዛት ስትለው «እጄ ቀዝቃዛ ነው» ይላል።

በሦስተኛው ቀን እማማ ዑሙሰልማ በአጥሩ ክፍተት ብቅ አሉ።

«መጥታለች አሉ። እንዴት አይነገረኝም?»

«እማማ፣ ሐኪም ሰው እንዳይገባ ብሏል።»

«ሐኪም ለቅሶ መድረስ ከለከለ? ይሄ ደግሞ የምን ሐኪም ነው! ዞር በልልኝ።»

ዞር አለላቸው። ምን ያድርግ? ገብተው ሀሲና አጠገብ ተቀመጡና ጉልበቷን ያዙ።

«አላህ ይተካሽ፣ ልጄ። ወጣት ነሽ፣ ገና ትወልጃለሽ።»

ሀሲና ግራ ገባት። «ሙጀሂድን ነው፣ እማማ? እሱማ አምስት ዓመት አለፈው እኮ።»

ይሄኔ ነጠላው ሥር ልጅቱ አስነጠሰች።

«ያ ረቢ! ምንድን ነው እሱ?»

«ዘሚራ ናታ። ስሟ ሲወጣ መጥተው አልነበር?»

አሮጊቷ ሕፃኗን አዩ፤ ቀጥለው በር ላይ የቆመውን አብዱልዋሂድን አዩት። «የምን ስም? ሞታለች ተብሎ ቀረ እንጂ። አላህ ይተካችሁ ስለው ባልሽ አሚን አለኝ እኮ!» አሉና አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። «ውይ፣ ምላሴን ይቁረጠው» እያሉ ወጡ።

 ሀሲና ልጅቱን አጥብታ ጨረሰች፤ ትከሻዋ ላይ አድርጋ አስገሳቻት። ከዚያ ነው ቀና ያለችው።

«ለስንት ሰው አሚን አልክ?»

«እንጃ። ለብዙ ሰው።»

«እኔ እዚያ ትንፋሿን እየቆጠርኩ?»

«ሀሲና፣ እንደ ሙጀሂድ ሰው ሰብስቤ ደግሞ ለቀብር እንዳልጠራቸው ብዬ ነው። ሁለተኛ መቅበር አልቻልኩም።»

«ቀብረሃታል እኮ። እኔ ዘሚራ፣ ዘሚራ እያልኩ ስጠራት፣ ስም አላት ብዬ ስጠራት፣ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ቀብረሃታል።»

መሬት ላይ ተንበረከከ። «አውፍ በይኝ።»

«እኔን ተወኝ። አሚን ያልክበትን ደጃፍ ሁሉ አንተ ታውቀዋለህ። በእግርህ ሂድና ልጄ አለች በል። ለስሟም ጥራቸው፤ ውጪ ቆመው ይብሉ። ይህን ሳታደርግ ይችን ልጅ አትነካትም።»

ወጣ። መንገዱን ተሻግሮ ሽታሁን ሱቅ ደጃፍ ቆመ። ሽታሁን ጫማ እየወለወለ ነበር።

«ሽታሁን፣ ልጄ አለች።»

«የትኛዋ ልጅህ?»

«ያቺው። ማርቆስ የተወለደችው። አልሞተችም። ዋሽቼህ ነው።»

ሽታሁን ጨርቁን አስቀመጠና ትክ ብሎ አየው። ደስ ይበለው ይቆጣ የጠፋው ይመስላል።

«ሚስቴ እኮ ሦስት ቀን አልቅሳላታለች» አለ በመጨረሻ። «አንተ ሰው፣ እኔ አልነግርልህም። ከጓዳ ናት፤ ግባና ራስህ ንገራት።»

አብዱልዋሂድ ጫማውን አወለቀና ገባ።