የአባቴ ፊልምና ሃያ አራት የሩዝ ፍሬ

ይህ ነገር ለሰው የሚነገር መሆኑን እጠራጠራለሁ። የሆነው ሁሉ የሆነው ወረታ ውስጥ፣ በአንድ ጠባብ የሩዝ ማስቀመጫ ጓዳ ነው። ትናንት ግን የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አልጋዬ ራስጌ የለጠፍኩትን ፎቶ አይታ፣ «ሰማዩ ለምን አረንጓዴ ሆነ?» አለችኝ። «ፊልሙ አርጅቶ ነው» ብዬ አለፍኩት። መልሴ ግን ግማሽ እውነት ስለነበር እንቅልፍ ነሳኝ።

ፎቶው ላይ የቆመው አባቴ ነው። እሱ ሲሞት እኔ ገና ዳዴ እል ነበር። ጉርድ ፎቶው ያለበትን መታወቂያ አንድ ክረምት ጎርፍ ከነሳጥኑ ወሰደው፤ ስለዚህ መልኩን ሳላውቅ አደግሁ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ፎገራ ሜዳ ቢጫ ለብሶ ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ጎረቤታችን አያ ፈንታ አስጠሩን። ዱሮ በደብረ ታቦር መገንጠያ አጠገብ ፎቶ ቤት ነበራቸው።

«የሩዝ ጥናት ሊሠራ የመጣ እንግዳ ትቶልኝ የሄደ፣ ሲታጠብ ራሱ ባለቀለም ፎቶ የሚሆን ስላይድ ፊልም ነው፤ ዕቃ ሳራግፍ አገኘሁት» አሏት እናቴን፣ ትንሽዬዋን ጥቅል እያሳዩ። «ባልሽን አንስቼበታለሁ። የጥቅሉ የት ላይ እንደሆነ ግን ጠፍቶኛል።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

ይህን ዓይነት ፊልም የሚያጥብ ብናስጠይቅ አጣን። እንግዳው የማጠቢያ ኬሚካሎቹንም ትቶ ነበር። የኋለኞቹ እሽጎች ደህና ነበሩ፤ የመጀመሪያው ማጠቢያ ግን እርጥበት ገብቶት ድንጋይ ሆኗል። መመሪያውን ከእንግሊዝኛ እየመለስኩ ሳነብላቸው አያ ፈንታ ጉልበታቸውን መቱ።

«ይሄ የመጀመሪያውማ የጥቁርና ነጭ ማጠቢያ ሥራ ነው! ለጉርድ ፎቶ የምበጠብጠው አንድ ቆርቆሮ አለኝ፤ በሱ እንተካዋለን። ቀለሙን የሚያመጡት የኋለኞቹ ናቸው።»

ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ ግን አናውቅም። ስለዚህ ፊልሙን ለሁለት ቆርጠን በአንደኛው ቁራጭ ልንሞክር ተስማማን።

የጓዳውን በር ስንጥቅ በገለባና በጋቢ ደፈንን። ስልኬም እንዳያበራ ደጅ ቀረ። አያ ፈንታ በጨለማ ውስጥ ጊዜን የሚለኩት በአቡነ ዘበሰማያት ነበር። «እጄ ፊልሙን ይዟል፤ አንች በልብሽ ድገሚ» አሉኝ። «ከቆጠርኩልሽ ሃያ አራት የሩዝ ፍሬ፣ አንድ በደገምሽ ቁጥር አንዱን ጣሳው ውስጥ ጣይ። ሃያ አራቱ ሲያልቅ ንገሪኝ።»

ጓዳው ያፍናል። የገለባው ሽታና የኬሚካሉ ሽታ ተደባልቀው ጉሮሮዬን ከረከሩት። እኔ የማስበው ግን የአባቴን ፊት ብቻ ነበር። ጸሎቱን እየዋጥኩ ተንደረደርኩ።

«አለቀ!»

«አለቀ? ፈጠነሳ።»

«አልቋል አያ።»

ፊልሙን በውኃ አለቅልቀው በሩን ከፈቱ፤ ለፀሐይ አሳዩትና በቀሪዎቹ ኬሚካሎች ተራ በተራ ነከሩት። ሲጨርሱ ፊልሙ እንደ ከሰል ጠቁሮ ወጣ።

«አለ?» አለች እናቴ ከደጅ።

«ይሄ የሙከራው ነው፤ ታገሽ» አሏት። ወደ እኔ ዞረው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማጠቢያው ደክሟል። ለቀሪው እጥፍ እናድርገው። አሁን እኔ ራሴ እቆጥራለሁ፤ አንች ድካምሽ በዝቷል።»

መመሪያውን በገዛ አፌ አንብቤዋለሁ፤ በመጀመሪያው ማጠቢያ የሚቆይበት ጊዜ ሲያንስ ምስሉ ይጠቁራል፣ ሲበዛ ታጥቦ ይነጣል። እሳቸው ጸሎት የሚደግሙት ቀስ ብለው ነው፤ በዚያ ላይ እጥፍ ሲጨመር አባቴ ከፊልሙ ላይ ይጠፋል። ግን ጠዋቱን ሙሉ «ጎበዝ ተማሪ» ሲሉኝ አርፍደዋል። ጋቢውን አቀበልኳቸው። በሩ ተዘጋ። ፊልሙ ማጠቢያው ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ጠብታው ይሰማኛል።

«አያ...»

«ምነው?»

«ማጠቢያው አልደከመም። እኔ ነኝ የቸኮልኩት። ጸሎቱን እየቆረጥኩ ነው የደገምኩት።»

ጠብታው ለአፍታ እንኳ አልተቋረጠም።

«እናንተ የአስኮላ ልጆች ጸሎቱንም እንደ ፈተና ነው የምትጨርሱት!» አሉ። «በይ፣ እኔ ስድስት ደርሻለሁ። ከሰባተኛው ጀምረሽ ጮክ በይ፤ ትንፋሽሽን ከትንፋሼ አስተካክይ። በሃያ አራት እናቆማለን።»

አብረን ደገምን። እንደዚያ የረዘመ ጸሎት ከዚያ በፊትም በኋላም አላውቅም።

አባቴ ሩዝ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ፣ የበሬውን ገመድ ይዞ ወጣ። በዕድሜው ይሁን በተተካው ማጠቢያ፣ ሰማዩ አረንጓዴ ነበር። እናቴ ታለቅሳለች ስል ሳቀች። «ጆሮውን እዩልኝ! ጆሮሽን ከማን እንዳመጣሽው አየሽ?» ያን በስልኬ አንስቼ አሳተምኩት።

ጥቁሩን ቁራጭ ግን «ባዶ ነው» ብያት ደብተሬ ውስጥ ደበቅሁት። አያ ፈንታም አላጋለጡኝም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ልሄድ፣ ባጃጁ ደጅ ቆሞ ሲያጣድፈኝ፣ አውጥቼ ሰጠኋትና ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ቁራጩን ወደ ፀሐይ አነሳችና አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። በጥቁሩ ውስጥ፣ በጭንቅ፣ ትከሻው ላይ ሕፃን ያስቀመጠ ሰው ይታያል።

«ይቺማ አንች ነሽ» አለች።

ሁለተኛው ፎቶ እሷ ዘንድ ነው፤ ሲያሰኛት ለፀሐይ ታሳየዋለች። ጓደኛዬ ከክፍል ስትመለስ የሰማዩን ነገር ከነጥቁሩ ቁራጭ እነግራታለሁ። በዚያ ጓዳ ውስጥ ከችኮላዬ የተወለደው ውሸት ያበቃው ባጃጁ ደጃችን በቆመበት ረፋድ፣ ጥቅምት 12 ቀን ነው።