ፈንግል የያዛት ዋኔ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማላውቀው በሽታ የለም፤ ሬዲዮ ሳዳምጥ ነው የምውለው። በቀደም ጠዋት ሴቻ ካለው ቤቴ ወደ ጓሮ ብወጣ፣ አንዲት ዋኔ ማንጎው ሥር አንገቷን አጣማ ትሽከረከራለች። ክንፏ ተንጠልጥሏል፤ ትንሽ ትራመድና በጎኗ ትወድቃለች። ወዲያው ገባኝ፤ ፈንግል ነው! የዱር ወፍ ለዶሮ እንደሚያጋባው ሰምቻለሁ።

በአጥሩ ላይ ጮኼ ጎረቤቴን አስቴርን ጠራኋት። የቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ ናት፤ መጠጥ የሚባል ነገር ቤቷ ገብቶ አያውቅም። ኑሮዋ ዶሮዎቿ ናቸው።

“ዶሮዎችሽን ሳይጨርሳቸው እረጃቸው!” አልኳት።

ምስኪን፣ እንባዋን እየጠረገች ቢላዋ ይዛ መጣች።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ወፏን ላሳያት ጎንበስ ስል ራሴ ዞረ። አፌ ደርቋል፤ እግሬም አልጸናም አለኝ። ምልክቱ ሁሉ ከወፏ ጋር ገጠመ።

“አስቴርዬ፣ እኔንም ይዞኛል! ጸልይልኝ” ብዬ እዚያው ዘጭ አልኩ።

ቢላዋውን ጥላ ተንበረከከች። አንድ እጇን ግንባሬ ላይ፣ ሌላውን ወፏ ላይ ጭና “ጌታ ሆይ…” ብላ ጀመረችና ድንገት ወደ ወፏ ጎንበስ አለች። ወፏን አሸተተች። ቀጥላ እኔን አሸተተችኝ። ከዚያ ዓይኗ ማንጎው ሥር ሄደ፤ የሚካኤልን ዝክር ጠላ አተላ እሷ እንዳታይብኝ ብዬ ማታ የደፋሁት እዚያ ነበር። ሌሎች ዋኔዎች ከበው ይለቅሙታል።

“ጋሼ” አለችኝ ቢላዋዋን እያነሳች፣ “ሁለታችሁም ውኃ ጠጡና ተኙ።”