የአያቴ ግራ መዳፍ

ልጅ ሳለሁ ከዲላ በላይ ባለችው ወርቃ፣ አያቴ ቤት፣ ተረት የሚነገረው ከነስህተቱ ነበር። ኩራዙ በርቶ ፍሙ ሲረጋ አያቴ ይጀምሩና መሃል ላይ ሆን ብለው ይሳሳታሉ፤ ጅቡ እንሰት ተክሎ ቆጮ ይጋግራል፣ ጦጣዋ መዝሙር ትመራለች። እኛ ልጆች ስህተቱን ስንሰማ በመዳፋችን መሬቱን መምታት ነበረብን። ያልመታ፣ አንቀላፍቷል ተብሎ ማገዶ ሊያመጣ ወደ ብርዱ ይወጣል።

አንድ ማለዳ አያቴ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ አንደበታቸውም ተይዞ ተገኙ። የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ መጥተው ጸለዩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «አእምሯቸው ሄዷል» ብሎ ተስማማ። ከዚያ ወዲያ በከብት ፊት እንደሚወራ በፊታቸው ሁሉም ነገር ይወራ ጀመር። እኔ ግን ያኔ፣ ምሽት ምሽት ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ተረቱን ራሴ እነግራቸው ነበር። «አባባ፣ ጅቡ ቆጮ ጋገረ» ስላቸው በግራ መዳፋቸው መደቡን ጧ ያደርጉታል። አንድም ስህተት አላመለጣቸውም።

ይህን የምናውቀው እኔና አብራቸው የምትኖረው አክስቴ አስቴር ብቻ ነበርን። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ታችኛውን የቡና ማሳ የምታርመውም የምትለቅመውም እሷ ነበረች፤ አያቴም በጤናቸው ጊዜ ማሳውን ለእሷ ሰጥተው ነበር።

አንድ ምሽት ትልቁ አጎቴ ሽማግሎች እሳቱ ዳር ሰብስቦ፣ «አባታችን ታችኛውን ማሳ ለእኔ ብለዋል» አለ።

የአያቴ መዳፍ መደቡን መታ።

«ውሃ ጠምቷቸው ነው» አለ አጎቴ። «ውሃ አምጡላቸው።»

«አልጠማቸውም! ተሳስተሃል እያሉህ ነው!» አልኩ።

«ይቺ ደግሞ! የሽማግሌ ጨዋታ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት?»

ሽማግሎቹ ሳቁ። አያቴ ደጋግመው መቱ። ውሃውን በግድ አፋቸው ላይ ደፉባቸው፤ በአገጫቸው ወረደ። ማሳው ለአጎቴ ተወሰነ፤ አክስቴም ለቀማው ሳያልቅ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ዲላ ወረደች።

ዛሬ እኔም ዲላ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ አንጎልን ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ግራው ክፍል ቀኝ እጅን ያዛል፤ አብዛኛው ሰው ቃል የሚያወጣበት ቦታም እዚያው ግራ ላይ፣ ወደ ፊት ገደማ ነው፤ የሰማውን የሚረዳበት ወደ ኋላ ነው። የፊቱ ተጎድቶ የኋላው ደህና ሊተርፍ ይችላል። «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይሉኛል። ይመጣል እላቸዋለሁ። የእኛ ሽማግሎች ወድቀውበታል ብዬ ግን አልጨምርም።

ተረቶቹ አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል፤ የጅቡ መጨረሻ ምን እንደነበር እንኳ አላስታውስም። የቀረኝ ያ የመዳፍ ድምፅ ነው። አምና ለለቅሶ ወርቃ ስሄድ፣ አሁን ራሱ ሽማግሌ የሆነው አጎቴ፣ ከእንግዶች ፊት፣ «ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ አባታችን ያኔ ምንም አይገባቸውም ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

ጠረጴዛውን በግራ መዳፌ መታሁት።

አጎቴ እጄን ትንሽ አየው። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞሮ፣ «ውሃ አምጡላት» አለ።